ስራ ነው አትበሉን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ አድሯል። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በበሩ ሳልፍ ከብርድ ልብሱ ስር ብርሃን አየሁ። ጠጋ አልኩ። ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደ ላይ ትወጣለች። ከጎኗ ቁጥር ይሮጣል፤ ያስያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ነው፣ አውሮፕላኗ ሳትጠፋ ካላወጣው ግን ይበላል። 1.14፣ 1.38፣ 1.90። አውራ ጣቱ ስክሪኑን ሳይነካ ከላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። 2.31 ላይ አውሮፕላኗ ብን ብላ ጠፋች። ልጁ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ዙር ጀመረ።

«ምን እየሰራህ ነው?» አልኩት።

ቀና እንኳ ሳይል «ስራ ላይ ነኝ ጋሼ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ያስጻፈችኝ ይቺ ቃል ናት። ልጁ ቢዋሸኝ ኖሮ ተቆጥቼ እተወው ነበር። ግን አልዋሸኝም። የምሩን ስራ ላይ ያለ መስሎታል። እንዲመስለው ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን።

ቁማር ድሮ ሀፍረት ነበረው። ቆማሪ ተደብቆ ነበር የሚጫወተው። እኛ ምን አደረግን? ስም ቀየርንለት። ውርርዱን «ትንተና» አልነው። ኮይን ገዝቶ ይወጣል ብሎ መጸለይን «ኢንቨስትመንት» አልነው። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥን «ኦንላይን ቢዝነስ» አልነው። አረንጓዴና ቀይ ቻርት ስላለው፣ ቃላቱም እንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ የተማረ ሰው ነገር መሰለን። ልጆቻችንን ካርታ ሲጫወቱ ብንይዛቸው ቤቱ በጩኸት ይታመስ ነበር። ስልክ ሲሆን ግን «ጎበዝ ነው፣ ቴክኖሎጂ ይወዳል» እንላለን።

ክሪፕቶን፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ራሱን ልረግም አልተነሳሁም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ፣ ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን የታዋቂውን ክሪፕቶ የቢትኮይንን ሐሳብ በ2008 አሳወቀ። ቢትኮይን በ2009 መጀመሪያ ስራ ጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተደርጎ የተሰራ ነው። ሂሳቡ የሚደነቅ ነው። ግን እንተማመን፣ ከእናንተ ስለ ሂሳቡ ግድ ያለው ስንቱ ነው? የገዛችሁት ኮይን ምን ይሰራል ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ «ሊወጣ ነው ብለውኛል» ነው። ማን አለ? የቴሌግራም ቻናል አድሚን። እሱ ማነው? አይታወቅም። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት እንኳ ላም ምን እንደምትሰጥ ያውቁ ነበር።

ወደ አውሮፕላኗ ልመለስ። ሂሳቡን አንዴ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ፣ በራሳቸው አባባል፣ ከተወራረዳችሁት 100 በአማካይ 97 ይመልሳሉ። «ታዲያ 3 ምን አላት?» ትላላችሁ። እሷ 3 የምትቆረጠው ከእያንዳንዱ ዙር ነው። 100 ዶላር ይዛችሁ የደረሳችሁን ሁሉ መልሳችሁ ብታስይዙ፣ በአማካይ 23 ዙር ላይ ግማሹ የለም። 50 ዙር ላይ የሚቀራችሁ 22 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ዙር ደግሞ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። አቋማሪው ማጭበርበር እንኳ አያስፈልገውም። እናንተ እንዳትነሱ ብቻ ማድረግ ነው የሚበቃው።

ሩሌትም፣ ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ የሚጣልበት ቁማር፣ ያው ነው። የአውሮፓው ዓይነት 37 ቁጥር አለው። የመረጣችሁት ከወጣ የምታተርፉት ያስያዛችሁትን 35 እጥፍ ነው። ልክ ቢሆን 36 መሆን ነበረበት። በዚያች በጎደለችው አንዷ ነው የቁማር ቤቱ መብራት የሚበራው።

አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ «እኔ ሲስተም አለኝ» ይላል። ስሸነፍ እጥፍ አደርጋለሁ፣ አንዴ ካሸነፍኩ ሁሉንም አስመልሳለሁ ነው ነገሩ። እሺ፣ በ1 ዶላር ጀምር። አስር ጊዜ በተከታታይ ብትሸነፍ 1,023 ዶላር ሄዷል። አስራ አንደኛው ላይ 1,024 ዶላር ማስያዝ አለብህ። ያ ሁሉ ቢሳካ ትርፍህ ስንት ነው? 1 ዶላር። አስር ጊዜ በተከታታይ መበላት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለሚጫወት ሰው ብርቅ አይደለም።

ክሪፕቶና ቁማር ለምን እንዲህ ተፋቀሩ? ቁማር ቤቶች ገንዘባችሁን ከድሮም በፕላስቲክ ጠጠር የሚቀይሩላችሁ ወደው አይደለም። ጠጠር ሲበላ አያምም። ዲጂታል ሳንቲም የዚያ ጠጠር ልጅ ነው። የወር ደሞዛችሁ 0.004 የሆነ ነገር ሆኖ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ደሞዝ አይመስልም። ዜሮ ነጥብ ምናምን ጠፋ ብሎ ማን ያለቅሳል? ሌላም አለ። በባንክ የተላከ ገንዘብ ላይ ቢያንስ የምታመለክቱበት ቦታ አለ። ክሪፕቶ ከላካችሁ በኋላ ግን መልሱልኝ የሚባል ሰው የለም። ወደ ተሳሳተ አድራሻ ብትልኩ እንኳ የሚያጽናናችሁ የለም።

ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። ገንዘቡን ወደ ውርርድ ሳይቱ ካስገባችሁ በኋላ «ዋሌቴ (ዲጂታል ቦርሳዬ) ላይ አለ» ትላላችሁ። የለም። ያለው የእነሱ ዋሌት ላይ ነው። እናንተ የምታዩት የእነሱ ኮምፒውተር የሚጽፍላችሁን ቁጥር ነው።

ይህን የማውቀው ተበልቼ ስለሆነ ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሳይት ላይ 50 ዶላር አስገባሁ፤ «ልሞክረው» ብዬ ነው። ቦነስ ብለው 50 ጨመሩልኝ። ዕድል ቀናኝና 340 ደረሰ። ላወጣ ስል ቦነሱን 40 ጊዜ ካላዞርክ አይወጣም አሉኝ። 2,000 ዶላር መወራረድ አለብኝ ማለት ነው። ደንቡ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ተወራረድኩ። 110 ስትቀር ግዴታውን ጨረስኩ። ያኔ ደግሞ «ማንነትህን ለማረጋገጥ 60 ዶላር አስገባ፣ ይመለስልሃል» የሚል መልእክት መጣ። አስገባሁ! አሁን ሳስበው ይገርመኛል። 110ን ለማስለቀቅ 60 የጨመርኩት እኔው፣ ሌላውን የምመክረው ሰውዬ። ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱ ሀፍረት ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

«እኔ ቁማር አልጫወትም፣ ትሬድ ነው የማደርገው» ለምትሉት አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌቨሬጅ (ካላችሁ ገንዘብ በላይ በብድር መያዝ) ስንት ነው የምትከፍቱት? 100 እጥፍ? በ100 ዶላር የ10,000 ዶላር ቦታ ይዛችኋል ማለት ነው። ዋጋው 1 በመቶ በተቃራኒው ከሄደ 100 ዶላሯ አለቀች። ቢትኮይን 1 በመቶ ለመንቀሳቀስ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይበቁታል። እናንተ እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ሊኪዊዴት ትሆናላችሁ፤ የያዛችሁት በግድ ተዘግቶ ገንዘቡ ይሄዳል። ጠዋት ዋጋው ተመልሶ ባሰባችሁት ቦታ ታገኙታላችሁ። ትክክል ነበራችሁ፤ ገንዘቡ ግን የለም። ይህን ከአውሮፕላኗ የሚለየው ምንድን ነው? እኔ አልታየኝም።

ያለ ሌቨሬጅ ዝም ብሎ ገዝቶ መያዝ ይሻላል፤ አልክድም። ግን ቢትኮይን ራሱ በኅዳር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ ዓመት ሳይሞላው 16,000 አካባቢ ወርዷል። ኋላ አገግሟል። የበሽተኛ መታከሚያ፣ የቤት ኪራይ አስገብቶ የነበረ ሰው ግን እስኪያገግም መጠበቅ አይችልም። ይህ እንግዲህ ትልቁና ጠንካራው ነው። ሉና የተባለችውን ኮይን አስታውሱ። በሚያዝያ 2022 ከ100 ዶላር በላይ ነበረች። እህቷ ዩኤስቲ ሁልጊዜ 1 ዶላር ናት ይባል ነበር፤ ለሚያስቀምጣትም በዓመት 20 በመቶ ገደማ ወለድ ይከፈል ነበር። በግንቦት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሉና ከአንድ ሳንቲም በታች ሆነች። 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ከዓለም ትልልቅ የክሪፕቶ ገበያዎች አንዱ የነበረው ኤፍቲኤክስ ከሰረ። ደንበኞች ያስቀመጡት ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ውሎ ነበር። አለቃው ሳም ባንክማን ፍሪድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስታዲየም ላይ ስሙን የለጠፈ ድርጅት ነበር እኮ።

ዋንኮይን የተባለው ሐሰተኛ ኮይን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ብሎክቼይን የሚባል ነገር፣ ክሪፕቶ የሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ፣ እንኳ አልነበረውም። ሰው ያስገባው ሰው፣ ያም ሌላ ሰው እያስገባ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። መስራቿ ሩዣ ኢግናቶቫ በጥቅምት 2017 ከቡልጋሪያ ዋና ከተማ ከሶፊያ ወደ አቴንስ በረረች፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባች አልታወቀም። እናንተ ግን ዛሬም «አምስት ሰው አስገባና ደረጃህ ያድጋል» ሲሏችሁ የምታስቡት የትኛውን የአክስት ልጅ እንደምታስገቡ ነው።

አሁን ስለ አድሚኖቹ። እነዚህ «የዛሬው ሲግናል (የዋጋ ጥቆማ) ገባ፣ ቤተሰብ!» የሚሏችሁ ሰዎች ከምን እንደሚኖሩ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ የውርርድ ሳይቶች በሊንኩ የመጣ ሰው ከሚከስረው ገንዘብ ላይ ለአምጪው ድርሻ ይከፍላሉ። ደግሜ ልበለው፤ ከምትከስሩት ላይ ነው። እናንተ ስትከስሩ እሱ ደሞዝ ይወጣለታል። «እንዴ፣ ግን እኮ አራቴ በተከታታይ መቶልኛል» የሚል አይጠፋም። እንዲህም ይደረጋል። ለ1,600 ሰው ለግማሹ «ይወጣል»፣ ለግማሹ «ይወርዳል» ተብሎ ይላካል። ለተሳሳተባቸው ዳግም አይጻፍም። 800ው ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ 400፣ ከዚያ 200። በአራተኛው 100 ሰው ይቀራል፤ አራቱም የመታለት። ያ 100 ሰው የቪአይፒ ክፍያውን ዓይኑን ሳያሽ ይከፍላል። እናንተ ከ100ው አንዱ ናችሁ። 1,500ውን አታውቋቸውም፤ እነሱም ለማንም አላወሩም።

ከማታውቁት ቁጥር «ሰላም፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ጀምራ ሁለት ወር አውርታችሁ፣ ከዚያ የኮይን ሳይት የምታሳያችሁ ቆንጆም አለች። ከስልኩ ጀርባ ያለው ምናልባት ራሱ የታገተ ወጣት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2023 እንዳወጣው በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ገደማ ሰዎች ተይዘው እንዲህ ያለ ማጭበርበር እንዲሰሩ ሳይገደዱ አልቀሩም። ብዙዎቹ ጥሩ ደሞዝ ያለው የኮምፒውተር ስራ አገኛችሁ ተብለው የሄዱ ናቸው።

ለወላጆችና ለሚስቶች፣ ለባሎችም አንድ ነገር አለኝ። ልጃችሁ ተበልቶ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ዕዳውን በድብቅ ከፍላችሁ ነገሩን አትሸፍኑ። የከፈላችሁት ለሚቀጥለው ዙር ነው። መስደብም አይረዳም። ቁማር ሱስ መሆኑን ሐኪሞች ከተቀበሉት ቆይቷል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 መመሪያውን ሲያሻሽል ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ከምልክቶቹ አንዱ የተበላን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ ነው፤ ሌላው መዋሸት። ስልኩንና የገንዘብ መላኪያውን መንገድ ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዝለት። ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ለእናንተ ለተጫዋቾቹ ደግሞ ምክር አላበዛም። አንድ ስራ ልስጣችሁ። «ስራ ነው» ብላችሁ የለ? ስራ ሂሳብ አለው። ያስገባችሁትን በአንድ ወገን፣ ያወጣችሁትን በሌላው ወገን ጻፉ። ስክሪንሾት ያነሳችሁትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም።

ያን ሌሊት ከእህቴ ልጅ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የራሴን የ110 ዶላር ታሪክ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ ሂስትሪውን ከፈትን። እሱ እያነበበ እኔ እየደመርኩ ሄድን። የሰባት ወር ነው። መጀመሪያ ላይ «ይቺኛዋን ግን አሸንፌአት ነበር» እያለ ያቋርጠኝ ነበር። አራተኛው ወር ላይ ማቋረጡን ተወ። ስንጨርስ ያስገባው 1,870 ዶላር፣ ያወጣው 415 ሆነ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ራሱ እንደገና ደመረው። ያው ነው።

ብዙ ቆየ። ከዚያ «ለእማዬ ትነግራታለህ?» አለኝ።

«አንተ ነህ የምትነግራት» አልኩት። «እኔ አብሬህ እቀመጣለሁ።»