ኳስ መወርወርም ባለቤት ወጣለት

የአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሮ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ፍጡር እየያዙ የሚያዋጉበት የፖክሞን ቪዲዮ ጌም ባለቤቶች ለሆኑት ለኒንቴንዶና ለፖክሞን ኩባንያ የሰጠውን ፓተንት አነበብኩት። ተጫዋቹ ረዳት ፍጡር ጠርቶ ከጠላት ጋር የሚያዋጋበት ዘዴ ነው አሉ። ታዲያ እኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንጫወት የኖርነው ምን ነበር? በኖቬምበር የቢሮው ዳይሬክተር ራሳቸው ፓተንቱ እንደገና እንዲመረመር ማዘዛቸው አልገረመኝም። የገረመኝ የኩባንያዎቹ ጠበቃ ሆነው የተነሡት ተጫዋቾች ናቸው።

ፖኬትፔር የተባለ ኩባንያ ስለሠራው ጨዋታ፣ “ፓልወርልድ ሌባ ነው፤ ፍጡሮቹ ቁርጥ ፖክሞን ናቸው” ይላሉ። አዎ፣ አንዳንዶቹ ይመስላሉ፤ እኔም መጀመሪያ ሳያቸው ስቄአለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በሴፕቴምበር 2024 ፖኬትፔርን በቶኪዮ ፍርድ ቤት ሲከሱ መልክን አላነሡም። የተከሰሰው ኳስ ወርውሮ ፍጡር መያዝና በፍጡር ላይ መጋለብ ነው። በግ ሰረቀ የሚሉትን ሰው በአረማመዱ ከሰሱት! ያውም ፓተንቶቹ ከቀደመ ማመልከቻ ተከፍለው የተጠየቁት ፓልወርልድ በጃንዋሪ 2024 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። መነሻቸው የ2021 ማመልከቻ ነው ይሉናል። ይሁን። የመጀመሪያው ፖክሞን የወጣው በ1996 አይደለምን?

ሳቶሺ ታጂሪ በቶኪዮ ዳር በምትገኘው ማቺዳ ነፍሳት እያሳደደ ያደገ ልጅ ነው። ሜዳው በሕንፃና በአስፋልት ሲዋጥ፣ ያንን ደስታ ለከተማ ልጆች ለመመለስ ፖክሞንን ፈጠረ። ጌም ቦይ የተባሉ ሁለት የእጅ መጫወቻዎችን በገመድ አገናኝቶ ፍጡር መለዋወጥ ሌላ ምንድን ነው? ጥንዚዛ በጠርሙስ ይዞ ለጓደኛው ያሳየ ልጅ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ጠላትን ማርኮ ከጎን ማሰለፍም ቢሆን የታጂሪ ግኝት አልነበረም። በ1987 በወጣው ሜጋሚ ቴንሴይ በተባለ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ አጋንንትን አግባብቶ ያስከትል ነበር፤ በ1992 ድራጎን ኩዌስት 5 ውስጥ የተሸነፈው ጭራቅ ተነሥቶ ቡድኑን ይቀላቀላል። ከእነዚያ ሠሪዎች አንዱ ወደ ፓተንት ቢሮ ሮጦ ቢሆን ኖሮ ፒካቹ የሚባል የፖክሞን ፍጡር ስም በጆሯችን ባልገባ ነበር። ታጂሪ ከሜዳውም፣ ከቀደሙትም ወሰደ፤ ደግ አደረገ። ዛሬ በእርሱ ሥራ የከበሩት በሩን ከኋላቸው ሊቆልፉ ይፈልጋሉ።

“ድካማቸው መካስ አለበት” የሚለውንስ ምን ልበለው? የጠየቁት ካሳ ለሁለቱም በድምሩ 10 ሚሊዮን የን ከነወለዱ ነው። ለኒንቴንዶ የሻይ ገንዘብ! የሚፈልጉት ገንዘቡን ሳይሆን ፓልወርልድ እንዳይሸጥ የጠየቁትን እግድ ነው፤ ነገ ተመሳሳይ ጨዋታ የሚያስብ ትንሽ ቡድን ገና ሳይጀምር እንዲርድ ነው። ፍርሃቱም ሠርቷል። ፖኬትፔር በኖቬምበር 2024 ኳስ ወርውሮ ፍጡርን መጥራት አስቀረ፤ ፍጡሩ እንዲሁ ከአጠገብ ብቅ ይል ጀመር። በሜይ 2025 ደግሞ ፍጡርን ይዞ በአየር መንሸራተት ቀረ፤ ተጫዋቹ መንሸራተቻውን በጓዙ ተሸክሞ እንዲዞር ተፈረደበት።