የንጣት ቁጥር ያለ መብራቱ አይዳኝም

በነጭ ጨርቅ ግዢ ውል ላይ «የሲአይኢ ንጣት ከ140 በታች አይሁን» የሚል አንድ መስመር ሰፍሮ ሊገኝ ይችላል፤ የሲአይኢ ንጣት የጨርቅ ነጭነት በቁጥር የሚገለጽበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። መስመሩ አጭርና ለክርክር በር የማይከፍት ይመስላል። ይሁን እንጂ ልኬቱ በምን ዓይነት ብርሃን እንደሚወሰድ፣ በብርሃኑ ውስጥ ምን ያህል አልትራቫዮሌት እንዳለና ናሙናው እንዴት እንደሚዘጋጅ ካልተጻፈ፣ ገዢና አምራች ያንኑ ጨርቅ ለክተው ሁለት የተራራቁ ቁጥሮች ሊያገኙ ይችላሉ፤ ለዚህም ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ መበላሸት የለበትም። ጭቅጭቁ ሲነሳ ግን ጨርቁ ተመላሽ የሚሆነው ወደ አምራቹ ነው። ስለዚህ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን መስመር እንደተጻፈ ተቀብለው መፈረም የለባቸውም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀመሩ ነው። የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን፣ ማለትም ሲአይኢ፣ ያወጣው የንጣት ቀመር የጨርቁን ብሩህነት ይወስድና ቀለሙ ከፍጹም ነጭ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለበትን መጠን 800 እና 1700 በሚሉ ማባዣዎች አብዝቶ ይደምርበታል። የወደቀበትን ብርሃን በሙሉ የሚመልስ ፍጹም ነጭ ገጽ በዚህ ስሌት 100 ያገኛል። ከ100 በላይ የሚያስወጣው ኦፕቲካል ብራይትነር የሚባለው ኬሚካል ነው፤ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ውጦ በሰማያዊ ብርሃን መልክ ይመልሰዋል። ነጭ ልብስ ሲታጠብ ውሃው ላይ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ የማድረግ የቆየ ልማድም ቢጫነትን ይሸፍናል፣ ግን ጨርቁን በመጠኑ ያጨልመዋል። ብራይትነር በአንጻሩ የሚታየውን ብርሃን ይጨምራል፤ ዛሬ በብዙ የልብስ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የንጣቱ ቁጥር በከፊል የጨርቁ፣ በከፊልም የመብራቱ ነው። ዲ65 የሚባለው መደበኛ ብርሃን የቀን ብርሃንን ከነአልትራቫዮሌቱ እንዲወክል የተደነገገ ቢሆንም፣ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባለው የቀለም መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ያለው መብራት ግን ያረጃል፤ ብርሃኑን የሚበትነው የመሣሪያው ሉል ውስጠኛ ቅብም በጊዜ ብዛት ይበላዛል። የአልትራቫዮሌቱ ድርሻ ሲቀንስ ብራይትነር ያለበት ጨርቅ ሁሉ ንጣቱ የወረደ መስሎ ይነበባል። የጥራት ቁጥጥር ክፍሎች ዘወትር ጠዋት በነጭ ሸክላ የሚያደርጉት ማስተካከያ ይህን ጉድለት ሊያሳይ አይችልም፣ ሸክላው ብራይትነር የለበትምና። ንጣቱ በታወቀ፣ ብራይትነር ባለበት ማመሳከሪያ የአልትራቫዮሌቱን መጠን ለይቶ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ በንጣት ቁጥር ጭነት የሚመልስ ገዢ መብራቱ ላጎደለው ሂሳብ የሚያስከፍለው አምራቹን ነው።

ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ብሎ ማሳደድም ትርፉ ኪሳራ ነው። ቀመሩ ራሱ ወሰን አለው፤ የሚያገለግለው ውጤቱ ከ40 በላይ፣ ብሩህነቱ በ5 ተባዝቶ 280 ሲቀነስለት ከሚገኘው በታች ሲሆን ነው። ብሩህነቱ 85 ለሆነ ጨርቅ ይህ ጣሪያ 145 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚነበበው ስለ ንጣት የሚናገረው የለም። በተጨማሪም ከንጣቱ ጎን የዝንባሌ ቁጥር የሚባል አለ። ከዜሮ በላይ ሲሆን ወደ አረንጓዴ፣ በታች ሲሆን ወደ ቀይ ያዘነበለ ነጭ መሆኑን ያሳያል። ሁለት ጨርቆች እኩል 140 አግኝተው አንዱ አረንጓዴ አንዱ ሮዝ ሊመስል ይችላል፤ የአንድ ሸሚዝ እጅጌና ደረት ከነዚህ ሁለት ጥቅሎች ቢቆረጡ ማንም ሰው ያየዋል። ብራይትነር ከመጠን በላይ ሲጨመርም ጨርቁ ወደ አረንጓዴ መሳቡ በሙያው የታወቀ ነው።

ባለቀለም ጨርቅ ላይም ተመሳሳይ ቸልተኝነት አለ። «ዴልታ ኢ ከ1 በታች» ይባላል፤ ዴልታ ኢ የሁለት ቀለሞች ልዩነት በቁጥር ሲገለጽ ነው፤ በየትኛው ቀመር እንደተሰላ ግን አይጠቀስም። በ1976ቱ የሲአይኢ ላብ ስሌት በቀለም ድምቀት ብቻ የ3 ልዩነት ያላቸው ሁለት ጥልቅ ቢጫ ጨርቆች ዴልታ ኢያቸው 3 ነው። ድምቀታቸው 80 አካባቢ ከሆነ ግን ያው ልዩነት በኋላ በወጣው የሲአይኢዲኢ2000 ቀመር ከ0.7 አያልፍም፤ ዓይናችን በደማቅ ቀለም ላይ ያለውን የድምቀት ልዩነት ቸል ስለሚል ነው። በግራጫ ላይ ያው የ3 ልዩነት ወዲያው ይታያል። ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የተለመደው ሲኤምሲ 2 ለ 1 የሚባለው ቀመር ነው፤ እሱም በስሙ ተጠቅሶ መጻፍ አለበት።

ልምድ ያለው ሰው ዓይን ከመሣሪያ ይበልጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ዓይን ይደክማል፣ ከሰው ሰውም ይለያያል፤ ሆኖም የሚያነሱት አንድ ነጥብ ልክ ነው፤ ሸማቹ ልብሱን የሚያየው በቤተ ሙከራ መብራት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 የተለመዱትን ቲ8 እና ቲ5 ፍሎረሰንት ቱቦዎች ወደ ገበያ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ሱቆችም ወደ ኤልኢዲ ዞረዋል። አብዛኛው ነጭ ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ስለሚቻል፣ በዲ65 ሥር 150 ያስነበበው ብራይትነር በሱቁ ውስጥ ሥራ ፈት ነው። ጨርቁ በአልትራቫዮሌትም ያለ አልትራቫዮሌትም፣ በማጣሪያ ተከልሎ፣ ቢለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከንጣቱ ምን ያህሉ ከማንጣት ሥራው፣ ምን ያህሉ ከብራይትነሩ እንደመጣ ይናገራል። ገዢዎች ያለ አልትራቫዮሌት የሚለካውን ሁለተኛ ቁጥርም ቢጠይቁ ማንጣት ላይ በደንብ የሠራው ፋብሪካ ይጠቀማል፤ ኬሚካል ያበዛው ይጋለጣል።

በውሉ ላይ መጨመር ያለበት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ የብርሃኑና የመደበኛ ተመልካቹ (ስሌቱ የሰውን ዓይን የሚወክልበት) ዓይነት፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ ታጥፎ እንደሚለካ፣ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በ65 በመቶ እርጥበት መቆየቱ፣ የዝንባሌው ወሰን፣ የቀለም ልዩነቱ ቀመር። ከሁሉም ይልቅ ግን አምራቹ አጥብቆ መከራከር ያለበት አንድ አንቀጽ አለ፤ አለመግባባት ሲነሳ ብራይትነር ያለበት አንድ ማመሳከሪያ ጨርቅ በሁለቱም ወገን መሣሪያ ይለካ፣ መሣሪያዎቹ በማመሳከሪያው ላይ የሚለያዩት አከራካሪው ጭነት ላይ የተለያዩትን ያህል ከሆነ ጭነቱ አይመለስ።