ቁልፉ ሥልጠና ሄዷል

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሃያ የሚሆኑ የሰፈር ቴአትር ክበብ ልጆች፣ ማኅተም ያረፈበት የልምምድ ፈቃዳቸውን ይዘው ከሕዝብ አዳራሹ ቢደርሱ፣ ዘበኛው «ቁልፉ ሥልጠና ሄዷል» አሏቸው። ቁልፍ ያዡ ማለታቸው ነው። እኛ ጎንደሬዎች ግን ሰውየውንና ቁልፉን መለየት ካቆምን ቆይተናል። የትኛው አዳራሽ እንደሆነ አልናገርም፤ እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም።

ቁልፍ ያዡን የሚያማ በዝቷል። እኔ ግን ላመሰግነው ነው። እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? አዳራሹ ይከፈት ነበር። ከተከፈተ ሰው ይገባል፣ ከገባ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ ደግሞ ወንበር ያልቃል። ሦስት መቶ ወንበር ከነላስቲኩ እስከ ዛሬ የቆየልን በማን ሆነና! በዓመት ሁለቴ ለስብሰባ ሲከፈት፣ ታዳሚው በተላወሰ ቁጥር ያ ሁሉ ላስቲክ ኮሽ ይላል፤ ተናጋሪው ጭብጨባ መስሎት እጅ ይነሳል።

አዳራሹን ለሁለት ሰዓት መዋስ ለሚፈልግ ክበብ እኮ መንገዱ ቀላል ነው። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጽፋል። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ኃላፊው «በአሠራሩ መሠረት ይስተናገዱ» ብለው ይመሩታል፤ አሠራሩን የሚያውቀው ግን ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍል «ወንበር ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ይላል፤ ስለዚህ ዋስ። የዋሱ ደመወዝ የሦስት መቶ ወንበር ዋጋ ስለማይሸፍን ሁለተኛ ዋስ። የሁለቱም ደብዳቤ ከየመሥሪያ ቤታቸው ተጽፎ እስኪመጣ ማመልከቻው ላይ ያለው ቀን ያልፋል፤ ስለዚህ አዲስ ማመልከቻ፣ በሁለት ቅጂ። ይህን ሁሉ ችሎ የደረሰ ክበብ ሦስት ቁልፍ ይጠብቀዋል፤ የግቢው፣ የአዳራሹና የመብራት ሳጥኑ። የግቢው ዘበኛው ጋ ነው። የአዳራሹ ሥልጠና ሄዷል። የሳጥኑ ለቅሶ ላይ ነው፤ ለቀስተኛን ደግሞ «ቁልፍ አምጣ» የሚል ደፋር አልተወለደም። አንድ ጊዜ ሦስቱም ቁልፎች ባንድ ቀን ከተማው ውስጥ ተገኙ ይባላል። ዕለቱ ጥምቀት ነበርና አዳራሹ ዝግ ነበር።

«አዳራሹ ከተከፈተ መብራት ይቆጥራል» የሚለውም የአስተዋይ ሰው ቃል ነው። አሥር ባለ 18 ዋት አምፖል ለሁለት ሰዓት ቢበራ 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 3,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ባንድ ሰዓት ጋገራ ወደ አሥር ልምምድ የሚጠጋውን ይጨርሳል። እንግዲህ በወር ስምንት ልምምድ በመከልከል ከተማችን አንድ ሞሰብ እንጀራ አተረፈች ማለት ነው። መድረኩ ላይ የተሰቀሉት ስምንት ባለ 1,000 ዋት መብራቶች ናቸው የእውነት የሚበሉት፤ ባንድ ላይ ሲበሩ በ220 ቮልት 36 አምፔር ይስባሉ፣ ብሬከሩ 16 ነው። አምስተኛው ሲበራ ጥቂት ታግሶ ይወድቃል። በባለ 54 ዋት ኤልኢዲ ቢቀየሩ ስምንቱም ሁለት አምፔር አይሞሉም፤ ግን ለማይከፈት አዳራሽ ምን ያደርጋል?

ዕቃ ቤቱማ ቅርስ ነው። ስድስት ማሲንቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። የክረምቱ እርጥበት ቆዳውን አላልቶታል፣ ፀሐይ ያላየው ከበሮ ሻግቷል፣ ጠፍሩን አይጥ በልቶታል። ገመድ አልባው ማይክራፎን ውስጥ የተረሳው ባትሪ ፈሶ ስፕሪንጉን ጨርሶታል። በሰኔ ቆጠራ ግን «ማሲንቆ፣ 6፣ አለ» ተብሎ ይፈረማል። ቆጠራ ድምፅ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። በዚህች የአዝማሪ አገር አንድ የ12 ዓመት ልጅ ማሲንቆ ልማር ቢል፣ የሚሰማበት ቦታ መጠጥ ቤት በር ላይ ነው። ስድስት ማሲንቆ በሕዝብ ብር ተገዝቶ! በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደዋ የክበቡ ልጅ ደግሞ ቁልፉ ቢገኝም አትገባም። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት ቢሰጠው መወጣጫው 10 ሜትር ከ80 ይሆን ነበር። የተሠራው ሦስት ሜትር ነው፣ ያውም በሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ጫፉ ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እኮ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ለማን ነው የሠራችሁት? ለማሰሮው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዳዊት 3ኛ በፋሲል ግቢ ያሠሩት አዳራሽ ዛሬም «የዘፈን ቤት» ይባላል። ንጉሥ ቢሆኑም እንግዲህ ንብረት ክፍል ስላልነበራቸው ነው የተዘፈነበት።

አንዳንድ ችኩሎች ደግሞ አሉ። ሠርግና ስብሰባ ሙሉ ኪራይ ይክፈል፣ ከዚያ ላይ የጽዳቱና የአምፖሉ ይነሳ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ለክበባት በነፃ ይተው፣ የሳምንቱ ተራ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ በዋስ ፈንታ አነስ ያለች ተመላሽ መያዣ ትበቃለች፣ ቁልፉም ሌት ተቀን እዚያው ከሚውለው ዘበኛ እጅ ይሁን ይላሉ። ደመወዙ እንደሆነ ተዘጋም ተከፈተም ይከፈላል ብለው ይከራከራሉ። ወንበሩን ግን አያስቡለትም።

ልጆቹ ቅዳሜ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ እንደ ልማዳቸው ደረጃው ላይ ተለማመዱ። ዘበኛው ከወር በላይ ሲሰሟቸው ድርሰቱን ሸምድደውታል፤ ቃል የጠፋበት ሁሉ ዞር ብሎ እሳቸውን ያያል። ከዘመቻ የተመለሰው ንጉሥ ከተዘጋው በር ፊት ቆሞ ዝም ቢል፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፦

«‹በሩን ክፈቱ!› ነው የምትል፣ ልጄ» አሉት።