ሰላም ይለናል፣ ከዚያ ዝም
ትናንት ማታ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ኢንተርኔት ጠፋ። ታናሽ እህቴን ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም እያስተማርኳት ነበር። ጽሑፍ ቆርጦ መለጠፍ፣ በቃ ይኸው ነው የፈለግነው።

የኢማክስ እርዳታ አብሮት የተጫነ ነው፣ ኢንተርኔት አያሻውም። ኮንትሮልና ኤች ሲጫኑ ይከፈታል። ግን መቁረጥን «ኪል» ይለዋል፣ መግደል ማለት ነው። መለጠፍ «ያንክ» ነው። አልት የምንለውን ቁልፍ ደግሞ «ሜታ» ይለዋል። ኢማክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፣ ቃላቱ የቆዩ ናቸው፤ እሺ ይሁን። ግን እኔ በማውቀው ቃል ስፈልግ የሱን ስም ካላወቅኩ እንዴት አድርጌ ላግኘው? ስሙን ባውቅማ ምን እርዳታ ያሻኛል!

አንድ ነገር አልክድም። ኮንትሮል ኤች፣ ከዚያ ኬ ብላችሁ የፈለጋችሁትን ቁልፍ ብትነኩ ሥራው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ይሄ ግሩም ነው።

አንጀቴን ያሳረረኝ ሌላ ነው። ኮንትሮል ኤችን ተጭናችሁ ኤችን ብቻዋን ብትደግሙ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ ይዘረዘራል። አማርኛም አለበት። «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። እህቴ ጮኸች፣ «የኛ ነው!» አለች። በፊደላችን መጻፊያም አለው። ታዲያ ደስ ብሎን ወደ መማሪያው ሄድን። በፈረንሳይኛ አለ፣ በጃፓንኛ አለ፣ በታይ ቋንቋ እንኳ አለ። በአማርኛ የለም።

እንግሊዝኛውን ሁለት አንቀጽ ታገለችው። ከዚያ ምንም ሳትል ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው።