ሲሞቅ የምትጠፋ፣ ሲበርድ የምትነሳ መኪና

ሆዴ አርሮ ነው የምጽፈው። አራት ወር ሙሉ በአንዲት መኪና ከጋራዥ ጋራዥ ተንከራተትኩ። ብር የለ፣ እንቅልፍ የለ።

መኪናዋ ጠዋት ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። አርባ ደቂቃ ስትሄድ ግን መንገጫገጭ ትጀምራለች። ነዳጅ ብረግጥ ጉልበት የላትም። ከዚያ ድርግም! ሃያ ደቂቃ ቆማ ስትበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። መጀመሪያ የጠፋችብኝ ከቱሉ ዲምቱ ወጥቼ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። እናቴን ይዤ ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መኪናችን ስትናጥ፣ እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ዳዊቷን ትደግማለች። ያን ቀን አልረሳውም።

ጋራዥ እስክደርስ መኪናዋ በርዳለች። "እህቴ፣ መኪናዋ ሰላም ናት እኮ፤ ካንዴላ እንቀይርላት" አለኝ አንደኛው። ተቀየረ። ሁለተኛው የነዳጅ ፓምፑ ነው ብሎ ቀየረ። ሦስተኛው ስካነር ሰካና ፒ0087 የሚል ኮድ አወጣ። "ኮምፒውተሩ ኮንትሮል ዩኒቱ ነው አለ" አለኝ። ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚሰጠውን ዕቃ ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲያ አላለም! ኮዱ የሚለው የነዳጅ ግፊት አነሰ ነው። ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያው) ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እሺ ብዬ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ዩኒቱን ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሠራች። ከዚያ ያው በሽታዋ።

በጣም የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። አቧራ ለብሷል። ማንም አላወረደውም።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን አገኘሁ። "እህቴ፣ እስክትጠፋ እንጠብቃት" አለ። ይሄን እስከዚያ ቀን ያለኝ ሰው የለም። ሞተሩን አስነስቶ የኋላ ወንበሩን አነሳ። ዩኒቱ እዚያ ስር ነው። መንገጫገጭ ስትጀምር ዩኒቱ ጀርባ ያለውን አሉሚኒየም ንኪው አለኝ። እጄን ወዲያው አነሳሁ፤ ያቃጥላል። ሶኬቱን ሲነቅለው ነጩ ፕላስቲክ አንዱ ጥግ ላይ ቡናማ ሆኗል። የተቃጠለ ሽታ አለው። ባትሪው ላይ 14 ቮልት አለ፤ ዩኒቱ ጋ የሚደርሰው ከ12 ትንሽ ከፍ ይላል። ቀሪው እዚያች የላላች መጋጠሚያ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ሲለካው 10 አምፔር ይስባል። ፊልትሮውን አውጥቶ ሲያራግፈው የወጣው ጥቁር ጭቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልትሮ ሲደፈን ፓምፑ ይታገላል፤ ሲታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ያ ሁሉ የሚያልፈው በዩኒቱ ውስጥ ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን መጋጠሚያው ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ዩኒቱ ሲግል ፓምፑን ያቋርጣል። ሲበርድ ይመልሳል። የሌላውን ሸክም ተሸክሞ የሚቃጠለውን ዩኒት አሥር ጊዜ ብትቀይሩት አሥር ጊዜ ይቃጠላል። (በነገራችን ላይ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ነዳጅ ማለቁን የሚያሳየው መብራት በርቶ ለምትነዱ፣ ይሄም ፓምፑን ያሞቀዋል።)

አዲስ ፊልትሮ ገባ፣ ሶኬቱ ተቀየረ። አምፔሩ ወደ 6 ወረደ። ከአዳማ ደርሼ ተመለስኩ፤ አንዴም አልጠፋችም። ልጁ የጠየቀኝ ከካንዴላው ዋጋ ያነሰ ነው።

የድሮው ፓምፕ ደህና ነበር ማለት ነው። ትናንት ሁለተኛው ጋራዥ ሄጄ "ፓምፔን መልሱልኝ" አልኳቸው።

"ጥለነዋል" አሉኝ።