የማይጠጣ ውስኪ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ለንደን በሶዝቢስ ጨረታ አንዲት ጠርሙስ ማካላን የተባለ የስኮትላንድ ውስኪ በ2,187,500 ፓውንድ ተሸጠች። ውስኪው የወጣው በ1926 ነው፤ 60 ዓመት ሼሪ (የስፔን ወይን) በነበረበት በርሜል ተኝቶ በ1986 ወደ ጠርሙስ ተገለበጠ፤ ከዚያ በርሜል የተገኘውም 40 ጠርሙስ ብቻ ነው። ገዢው ግን ጠምቶት አይደለም። ሲንግል ሞልት (ከአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣ ውስኪ) ለሚሰበስብ ሰው ቡሹን መንቀል የቤትን ካርታ በጥብጦ እንደ መጠጣት ነው።

የዕድሜው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ውስኪ የሚያረጀው በእንጨት ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ የሚያረጀው ባለቤቱ ነው። ከዱባይ ኤርፖርት የመጣ ባለ 12 ዓመት ውስኪ «ለልጅቷ ሠርግ» ተብሎ ቡፌ ውስጥ 20 ዓመት ቢቆለፍበትም 12 ዓመቱን አያልፍም። (ልጅቷ ግን ታድጋለች፤ ሠርግ አልፈልግም ልትልም ትችላለች።) በርሜል ውስጥ ሳለ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል፤ ስኮቶች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። መላእክቱ ከአልኮሉም ይወስዳሉና፣ ከልክ በላይ ተኝቶ ከ40 በመቶ በታች የወረደ በሕጉ ስኮች ውስኪ ተብሎ አይሸጥም።

ጨረታው ዛሬ በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ጀማሪው የመጨረሻዋን ደቂቃ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ አጫራቾች ግን በመዝጊያው ላይ ዋጋ ሲጨመር ሰዓቱን ያራዝማሉ፤ አድፋጭና አድፋጭ እንቅልፍ አጥተው ይፋጠጣሉ። ስም በማይታይበት ቦታ ለስም መፋለም ማለት ይህ ነው። በ1,000 ፓውንድ ቢያሸንፍ፣ የገዢ ኮሚሽኑ 10 በመቶ ከሆነ 100፣ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ቫት ደግሞ 20፣ በድምሩ 1,120 ይከፍላል። ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስና ጉምሩክ ገና ናቸው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ዋጋ ግን 300ም አይሞላ።

ዋጋ ከመጥራት በፊት ፎቶውን ማጉላት ነው። መጀመሪያ የሚታየው የውስኪው ልክ ነው፤ አንገቱ ድረስ ከሞላ ጥሩ፣ ወደ ትከሻው ከወረደ ግን ቡሹ እያስተነፈሰ ነው፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ከዚያ ማሸጊያው፣ መለያ ወረቀቱ፣ ካርቶኑ። ካርቶኑን የጣለ ገንዘብ ጥሏል። እንደ ወይን አጋድሞ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ቀጥ ብሎ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ብርሃን በማይገባበት ይቀመጣል። ጥንቁቆቹ አንገቱን ፓራፊልም በሚባል በሚለጠጥ ስስ ላስቲክ ይጠቀልሉታል። ለእይታ የተገዛው ጌጥ በዚህ ሁኔታ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከካፖርት ኋላ ይኖራል።

ዋናው ፍርሃት ሐሰተኛው ነው። በ2017 በስዊዘርላንድ ሴንት ሞሪትዝ አንድ ቻይናዊ እንግዳ «ማካላን 1878» ለተባለ 2 ሴንቲሊትር 9,999 ፍራንክ ከፈለ። ጥርጣሬውን ያስነሳው ምላስ አልነበረም፤ ፎቶውን ያዩ ባለሙያዎች ቡሹና መለያው አልጥም አላቸው። ሲመረመር ምናልባት ከ1970 እስከ 1972 የወጣ ቅልቅል ውስኪ ሆኖ ተገኘ፤ ሆቴሉም ገንዘቡን መለሰ። የምርመራው ብልሃት ካርቦን 14 የሚባለውን የካርቦን ዓይነት መለካት ነው፦ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ በአየር ላይ የጨመረውን ይህን ካርቦን የውስኪው ገብስ ስለሚስበው፣ ከቦምቡ በኋላ የበቀለ ገብስ ከዚያ በፊት ነኝ ብሎ መዋሸት አይችልም። በ2018 በስኮትላንድ አንድ የዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ ከመረመራቸው 55 ብርቅ ጠርሙሶች 21ዱ ሐሰተኛ ወይም ከተጻፈባቸው ዓመት ውጭ የወጡ ነበሩ።

ይህን ሁሉ አልፎ ለመክፈት የደፈረ ሰው ካለ፣ ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራልና ማጥለያ አጠገቡ ያዘጋጅ። ቡሹን በቀስታ እያዞረ ይንቀለው። ጠጥቶ ሲጨርስ ደግሞ መለያውን ልጦ ጠርሙሱን ይስበር፤ ባዶው ከነመለያው ለሽያጭ ከወጣ፣ ተሞልቶና ታሽጎ ወደ ጨረታው ሊመለስ ይችላል።