የሹመት ደብዳቤው

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «ወደ አመራር ለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ሴት መምህራን የድርድር ሥልጠና ሊሰጥ ይገባል።» ደጋፊዋ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ተቃዋሚው በጡረታ ላይ ያሉ የቀድሞ ዲን ናቸው። ክርክሩ በጽሑፍ ነው።

መምህርቷ፦ እኛ ሹመት ሲሰጠን «እሺ» ብለን እንወጣለን። ወንዶቹ ግን ከመቀበላቸው በፊት ምክትላቸው ማን እንደሆነ፣ የማስተማሪያ ሰዓታቸው ምን ያህል እንደሚቀነስ ይጠይቃሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር እስኪሆኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ከዚህ በኋላ ዝም የምንልበት ጊዜ የለንም።

ዲኑ፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ በእርከን የተወሰነ ነው። የሚደራደሩበት ነገር በሌለበት ድርድር ማሠልጠን ለሌላ ሰው በሽታ የታዘዘ መድኃኒት መዋጥ ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰሯ ናንሲ ሆፕኪንስ ለምርምራቸው ተጨማሪ ቦታ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ሜትር ይዘው የየላቦራቶሪውን ስፋት ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1994 16 ሴት ምሁራን በጋራ ለኤምአይቲው የሳይንስ ዲን አመለከቱ፤ በ1999 ተቋሙ አድልዎ መኖሩን በይፋ አመነ። ያሸነፈው ማስረጃና ኅብረት ነው።

መምህርቷ፦ «የሚደራደሩበት ነገር የለም!» ዲን የነበረ ሰው ይህን ሲጽፍ ማንበብ ያሳዝናል። የላቦራቶሪ ቁልፍ፣ የምርምር በጀት፣ የትምህርት ፈቃድ ተራ፣ የመኖሪያ ቤት፦ እነዚህ በየትኛው እርከን ላይ ተጽፈዋል? የእኔ ደብዳቤ «ከመደበኛ ሥራዎ በተጨማሪ የትምህርት ክፍሉን በኃላፊነት እንዲመሩ ተመድበዋል» ይላል። ከሥሩ ማኅተምና ግልባጭ ብቻ። ስለ በጀትም ሆነ ስለሚቀነስልኝ ሰዓት አንድ ቃል የለበትም። ሙሉ የማስተማር ጫናዬን ተሸክሜ መራሁ።

ዲኑ፦ እህቴ፣ ያልኩት ደመወዝን ነው፤ ንግግሬን ቆርጠው አቀረቡት። ዲን ሳለሁ አንዲት መምህርት ሹመቱን በቅድመ ሁኔታ እንደምትቀበል ገለጸች። ከበላይ የመጣልኝ መልስ «ገና ሳትሾም አስቸገረች» የሚል ነበር፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሥልጠና የእሷን አነጋገር ያሳምር ይሆናል፤ ያንን ባለሥልጣን ግን አይለውጠውም። መመሪያ ይውጣ፤ ማንኛውም የሹመት ደብዳቤ በጀቱንና የሚቀነሰውን ሰዓት ይያዝ።

መምህርቷ፦ እህቴ አይበሉኝ፤ የምከራከርዎት በሙያዬ ነው። «የሚደራደሩበት ነገር» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ወደ ደመወዝ አያጥብቡት። ያቺ መምህርት ቦታውን ስትነጠቅስ ምን አሉ?

ዲኑ፦ ተከራከርኩላት፤ አልተሰማሁም። ዲን ሆኜ ያልተሰማሁትን፣ እሷ ለብቻዋ ሠልጥና ትሰማለች ማለት ሸክሙን ሁሉ በእሷ ላይ መጣል ነው።

መምህርቷ፦ መመሪያው እስኪወጣ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የምትሾመው ሴት ምን ታድርግ? ባዶውን ደብዳቤ ትቀበል?

ዲኑ፦ አትቀበል። በጀቱ ተጽፎበት እስኪመጣ ትመልሰው።

መምህርቷ፦ «ትመልሰው» ማለት ለእርስዎ ይቀላል፤ ጡረታ ወጥተዋል። የእሷ የሦስተኛ ዲግሪ የትምህርት ፈቃድ ግን ደብዳቤውን በጻፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው።